ለማሳያው ቀን የማይፈለጉ

«ሰባቱን ከሰልፍ በኋላ ወደ ላይብረሪ እወስዳቸዋለሁ። ቲቶሪያል ነው እንላለን። እ... አይ፣ እሷ አታውቅም። ክፍል ስትገባ ነው የምታየው፤ እንግዳ ፊት ደግሞ ምን ልትል ነው?»

ታየች ይህን የሰማችው ነጭ ጋዎኗን እየተኮሰች ነው። ሳሎኑንና የሮሐን መኝታ የሚለየው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ በዚያ በኩል ሰው ሲያዛጋ በዚህ በኩል ይሰማል። አክስትና የእህት ልጅ ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ቤት የኖሩትም የሰሙትን እንዳልሰሙ እያለፉ ነው። ሮሐ በስልኩ «እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ» ስትል በዚያኛው ጫፍ ያለው ርዕሰ መምህሩ አቶ ታረቀኝ መሆኑን ታየች ወዲያው አወቀች፤ ልጅቷ በጠዋት እንዲህ የምትለማመጠው ሌላ ሰው የላትም። ከዚያ ሮሐ ስም መጥራት ጀመረች። ሊሚ አለች፣ ማቲያስ አለች፣ ሃዊ አለች፣ ሌሎች አራት ጨመረች። ሰባቱም የታየች ተማሪዎች ናቸው፤ የአራተኛ «ለ» ልጆች። የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ አፍንጫዋን ሲመታት ነው ካውያውን ኪሱ ላይ ረስታው እንደነበር ያወቀችው። ጋዎኑን ብድግ አድርጋ አየችው። ኪሱ ላይ ቡናማ ምልክት ወጥቷል። ሌላ ጋዎን ደግሞ የለም፤ ዘንድሮ ሊሰጥ የነበረው ጨርቅ «በሂደት ላይ ነው» ከተባለ ስድስት ወሩ ነው።

ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ የማሳያ ትምህርቱ ቀን። ከአጎራባች ትምህርት ቤቶች አሥራ ስድስት መምህራንና አንድ ሱፐርቫይዘር መጥተው ታየች ሒሳብ ስታስተምር ከኋላ ቁጭ ብለው ያያሉ፤ ከዚያ መምህራን ማረፊያ ገብተው ምን እንደተማሩ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ይባላል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ያወጣው ሰው መምህር የሚያውቅ ሰው ሳይሆን አይቀርም። መምህር ዓመቱን ሙሉ፣ በጠቅላላ ስድሳ ሰዓት እየተማረ፣ የባልደረባውን ክፍል እያየ፣ የተማረውን በፎልደር እያስቀመጠ ይሄዳል ነው የሚለው። የታየች ትምህርት ቤት ፎልደሮች ግን ከመስከረም እስከ ግንቦት ባዶ ሆዳቸውን ይከርሙና በሰኔ የመጀመሪያ ሳምንት በአንድ ጊዜ ይወፍራሉ። ሮሐ አስተባባሪ ሆና ከተሾመች ወዲህ ይህን ለማስተካከል ስትባዝን ነው ሁለት ዓመት የሞላት። ታይፕ ታደርጋለች፣ ትጨቀጭቃለች፣ የሰነፎቹን ፎልደር ራሷ ትሞላለች። አሁን በክፍለ ከተማው የመምህራን ልማት ባለሙያ ሆና ለመዛወር ከተወዳደሩት ሦስት ሰዎች አንዷ ናት። ጽሑፉንም ቃለ መጠይቁንም አልፋለች። የቀራት ዛሬ የምታዘጋጀው የማሳያ ትምህርትና ሱፐርቫይዘሩ ስለሱ የሚጽፈው አንድ ገጽ ነው። ታየች ለሦስት ሳምንት ያህል ከዚህ ሌላ ጸሎት አልነበራትም።

ስለዚህም ነው ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ልጆቹን ስታለማምድ የከረመችው። ልምምዱ የሮሐ ሐሳብ ነበር፣ ታየችም እሺ ብላለች። ሁሉም ያደርገዋል። ማን የቱን ጥያቄ እንደሚመልስ ተደለደለ፤ ስለ እኩል ክፍሎች ኖህ፣ ስለ ሩብ አቢ፣ ስለ ግማሽ ናዝሬት። ሌሎቹ «በቡድን ተወያዩ» ሲባሉ እንዴት ጭንቅላታቸውን እንደሚገጥሙ ተማሩ። ሦስቱንም ቀን ሮሐ ጥግ ላይ ቆማ ማስታወሻ ስትጽፍ ነበር። ምን እየጻፈች እንደነበር ታየች አሁን ገባት።

ቁርስ ቀረበ። ዳቦው ትናንት የተገዛ ነው፤ አሥር ብር ከገባ ወዲህ መጠኑ እያነሰ ሄዶ አሁን ሁለቱ ለአንድ ሰው አይበቁም። ሮሐ አንድ እንቁላል ቀቅላ ለአክስቷ አቀረበች፣ ለራሷ ሻይ ብቻ ቀዳች። ታየች እንቁላሉን ልጣ ለሁለት ቆረጠችውና ግማሹን ወደ ሮሐ ገፋች። ሮሐ መልሳ ገፋችው። እንቁላሉ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ መሀል ላይ ቀረ። ሌላ ቀን ቢሆን ይሳሳቁበት ነበር። ታየች ሦስት ጊዜ አፏን ከፈተች፣ ሦስት ጊዜም ሻይ ጠጣችበት። ሮሐ ስልኳን እያየች «ቀሚሱ ያምርብሻል» አለች፤ ስለተቃጠለው ኪስ ምንም አላለችም፣ ሽታው ግን ቤቱን ሞልቶት ነበር።

ቤታቸው ከጳውሎስ ሆስፒታል ጀርባ ነው። በዚያ ሰዓት ሰፈሩ የአስታማሚዎች ነው፤ ፔርሙዝና ምሳ ዕቃ ያንጠለጠሉ ሴቶች ከታክሲ እየወረዱ ወደ ሆስፒታሉ በር ይሮጣሉ፣ ፋርማሲዎቹ መዝጊያቸውን ያነሳሉ፣ ሌሊት ሙሉ ያልተኙ የሕክምና ተማሪዎች ካፌ በር ላይ ቆመው ማኪያቶ ይጠጣሉ። ወደ ላይ፣ ወደ እጽዋት ማዕከሉ የሚወጣው ታክሲ ሰልፍ ረዝሞ ነበር። ሮሐ «በእግር እንሂድ፤ ይረፍዳል» አለች። ዳገቱን ጎን ለጎን ተያያዙት። ታየች ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷም እንደ ድሮው አይደለም፤ ቁጣ ግን ለዳገት ጥሩ ጉልበት ነው።

«ሰባቱ ከክፍል አይወጡም» አለች፣ መጀመሪያ ትንፋሽ የሰበሰበችበት ቦታ ላይ ቆማ።

ሮሐ አልደነገጠችም። «ሰምተሻል ማለት ነው።»

«ግድግዳችንን እያወቅሽው።»

«እቴቴ፣ አርባ ደቂቃ ነው እኮ! ማንም አይሞትም። ሊሚን ብትጠይቂያት መሬት መሬት ነው የምታየው። ማቲያስ ያልተጠየቀውን ይመልሳል። ሱፐርቫይዘሩ ይዞት የሚሄደው ያንን ነው። ከዚያ እኔ እዚሁ ፎልደር ስሞላ አረጃለሁ፣ በቃ።»

«እኔ ልጅ አስወጥቼ አላስተምርም። እንዲህ ያለውን ነገር ደግሞ ከየት ነው የተማርሽው?»

ሮሐ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። «ከየት ይመስልሻል?» አለችና ትታት ወደ ላይ ወጣች።

ታየች እዚያው ቀረች። ከየት እንደሆነ ታውቃለች። ሮሐ አራተኛ ክፍል ሳለች የታየች ተማሪ ነበረች። ያኔ ሱፐርቫይዘሩ ኢንስፔክተር ነበር የሚባለው፤ ይመጣል ሲባል ትምህርት ቤቱ እንዳለ ይታመማል። ሮሐ ማባዛት አልገባት ብሎ ነበር፤ ሰው ሲያያት ደግሞ ምላሷ ይተሳሰራል። የመምህሯ የገዛ እህት ልጅ እንግዳ ፊት ስትንተባተብ ታየች በዓይነ ሕሊናዋ አየቻትና አላስቻላትም። «ሂጂ፣ ጋሽ ቱሉ ጋር ቁጭ በይ፤ ስጨርስ እጠራሻለሁ» ብላ ወደ ዘበኛው ቤት ላከቻት። ኢንስፔክተሩ ክፍሉን አመስግኖ ሄደ። ማታ ቤት ሲገቡ ሮሐ ምንም አላለችም፣ ታየችም ምንም አላለችም። ከዚያ ወዲህ አሥራ ስምንት ዓመት አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። ታየች ልጅ ነበረች ረስታዋለች እያለች ራሷን ስታታልል ኖራለች። አሁን መሀል ዳገት ላይ፣ ጭነት አይሱዙ እያጓራ ባጠገቧ ሲያልፍ፣ ፊቷ በእፍረት ጋለ።

ትምህርት ቤት ስትደርስ ሰልፉ ተበትኖ ነበር። ግቢው ታጥቧል፤ ማንም በማይጠቀምበት የአበባ መደብ ላይ ድንጋዮቹ ኖራ ተቀብተዋል። አቶ ታረቀኝ ለሠርግ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል፣ ለእንግዶች የተገዛው ዳቦና ለስላሳ በፌስታል ወደ መምህራን ማረፊያ እየገባ ነው። «መምህርት፣ እንግዲህ ዛሬ በእርስዎ ነው የምንኮራው» አላት እጇን በሁለት እጁ ይዞ። ታየች ስለ ሰባቱ ልትጠይቀው ፈልጋ ፊቱን አየችና ተወችው። የሚለውን ታውቀዋለች። ለእንግዶቹ የተያዘው ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ነበር። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አምስተኛ ክፍል ስታስተምር በጠመኔው ሰሌዳው ላይ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፣ ልጆቹ አረሟት።

ደወሉ ሲደወል ወደ አራተኛ «ለ» አልሄደችም። ወደ ላይብረሪ ሄደች። ላይብረሪው ድሮ ዕቃ ግምጃ ቤት ነበር፤ በዕርዳታ የመጡት መጻሕፍት ገና ከፕላስቲካቸው አልወጡም። ሰባቱ ልጆች በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው አንዳንድ መጽሐፍ ተዘርግቷል። የሁለቱ መጽሐፍ የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ነው። ላይብረሪያኗ ኢየሩ ታየችን ስታይ ከወንበሯ ተነሳች። ተጨንቃለች።

«ሮሐ ነች ያመጣቻቸው። ጩኸት እንዳይኖር ብላ...» ብላ ሳትጨርሰው ተወችው።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለች ታየች ልጆቹን።

ማቲያስ እጁን አውጥቶ ሳይፈቀድለት ተነሳ። «እንግዶቹ እስኪሄዱ እየጠበቅን ነው፣ ቲቸር። እኛ የማናውቀው ነን።»

ይህን ሲል አልከፋውም፤ ተራውን እንደሚናገር ልጅ ነው የተናገረው። ሌሎቹም አልተቃወሙም። ሊሚ ብቻ መጽሐፉን ዘጋችና መሬት መሬት አየች። ታየች እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆማ ማልቀስ አማራት፤ አለቀሰችም ነበር፣ ጊዜ ቢኖር። ይልቅ «ደብተራችሁን ያዙ። ተሰለፉ» አለች። ኢየሩ «መምህርት፣ ይታሰብበት» ስትላት ከበር ወጥተው ነበር።

ከላይብረሪው እስከ ክፍሉ ያለው መንገድ ሰማንያ እርምጃ ቢሆን ነው። ታየች በመሀል ሁለት ጊዜ ልትመለስ ነበር። ሮሐ ትናንት ማታ ጥፍሯን ስትነክስ አይታታለች። ያ አንድ ገጽ ከተበላሸ ልጅቷ ይቅር እንደማትላት ታውቃለች፣ ልክ ትሆናለችም። ከኋላዋ ግን ሰባት ጥንድ ጫማ ይሰማታል። አሁን መልሳ ብትወስዳቸው ምን ብላ ነው?

በሩን ስትከፍት ክፍሉ ጢም ብሏል። እንግዶቹ ከኋላ ሦስት ረድፍ ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተጣበው ተቀምጠዋል፣ በእያንዳንዱ ጭን ላይ የምልከታ ቅጽ አለ። መሀላቸው መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለው ሱፐርቫይዘሩ አብዱልሰላም ነው። ታየች የዚያን ጊዜ ነው የገባት፤ የሰባቱ ዴስክ ለእንግዶቹ ታስቦ ነበር የተለቀቀው። ልጆቹ በሩ ላይ ተኮልኩለው ቦታቸው ላይ የተቀመጡትን ትልልቅ ሰዎች ያያሉ። ጥግ ላይ የቆመችው ሮሐ ፊቷ ደም አጣ።

«የተማሪዎቹ ቦታ ነው» አለች ታየች። «ይቅርታ፣ አንዳንዶቻችሁ ትቆሙልኛላችሁ?»

የክርስትና ግብዣ ላይ ከማያውቁት ጠረጴዛ የተነሱ ያህል እየተሳቀቁ አራት መምህራን ተነሱ። ሰባቱ ልጆች ሦስትም ሁለትም እየሆኑ ተሸጎጡ። ሊሚ የደረሳት ከፊት፣ ከአቢ አጠገብ ነው። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ በላ፣ ታየችንም የጥያቄዎቹን ተራ አምታታባት። ሰሌዳው ላይ ክብ ዳቦ ሣለች፣ ለአራት ከፈለችው፣ አንዱን ቀባችው። «አንዱ ክፍል ምን ይባላል? ኖህ።»

ኖህ ተነሳ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ታማኝም ነው። ግራ ገብቶት ወደ ሮሐ አየ፣ ከዚያ ወደ ታየች። «ቲቸር፣ ይሄኛው የኔ አይደለም። የአቢ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። አቢ ጓደኛውን ለማዳን ሳይጠራ ብድግ ብሎ «አንድ አራተኛ ወይም ሩብ!» አለ፤ እሱ ከተናገረ ደግሞ ቀጥሎ ያለው የናዝሬት ነውና ናዝሬት ያልተጠየቀችውን ግማሽ ከተቀመጠችበት አበረከተች። ታየች ለማረጋጋት «እስቲ በቡድን ተወያዩ» አለች፤ ይህን ማለት አልነበረባትም። ሃምሳ ሁለት ጭንቅላት በአንድ ጊዜ ተገጣጠመ፣ ክፍሉ እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረመ። አብዱልሰላም ከመቀመጫው ዝቅ ብሎ አጠገቡ ወዳለው ቡድን ጆሮውን አስጠጋ። ልጆቹ በጣም ከልባቸው፣ እየተያዩና ራሳቸውን እየነቀነቁ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...» ይላሉ። እስከ ሃያ ቆጠሩ፣ ዝም አሉ፣ እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። የተወያዩ እንዲመስሉ ረቡዕ ዕለት ሮሐ ያስተማረቻቸው ይህንኑ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና ቅጹ ላይ ረጅም ነገር ጻፈ።

ታየች ሮሐን ላለማየት ወደ ሰሌዳው ዞረች። የሣለችውን አጠፋችው። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምራለች፣ እንዲህ ራቁቷን የቆመች የመሰላት ግን ዛሬ ነው። ተበላሽቷል፤ ከዚህ በላይ የሚበላሽ የለም። እንደዚያ ስታስብ የሚገርም ቅለት ተሰማት። አንድ አራተኛና አንድ ስምንተኛ ብላ ጻፈች።

«የቱ ይበልጣል? ሊሚ።»

ሊሚ ተነሳች። ከወንበሩ ጫፍ ያለውን ብረት ይዛ መሬት መሬት ታያለች። ታየች ሌላ ቀን ቢሆን ሦስት እስኪቆጠር ጠብቃ «ቁጭ በይ፣ ማን ይርዳት?» ትል ነበር፤ ሰኞም ማክሰኞም እንደዚያ ብላለች። ዛሬ ጠበቀች። አንድ እንግዳ ሰዓቱን አየ። ውጪ የስፖርት መምህሩ ፊሽካ ይነፋል። ጠበቀች።

«አንድ ስምንተኛ» አለች ሊሚ፣ ለራሷ እንደምትናገር።

«ለምን?»

«ስምንት ከአራት ይበልጣላ።»

ጥግ ላይ ሮሐ ዓይኗን ጨፈነች። ታየች ግን መልሱ ውስጥ የሆነ ነገር ሰማች፤ ልጅቷ አስባለች። ወደ ክፍሉ ዞረች። «ሊሚ ልክ ነች የምትሉ እጅ አውጡ።» እጆች ወጡ። መጀመሪያ የወጣው የአቢ ነው፣ ቀጥሎ የኖህ፣ ቀጥሎ የናዝሬት፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። ታየች የተዘረጋውን እጅ ሁሉ አየች። ላይብረሪ መሄድ የነበረባቸው ሰባቱ ብቻ ሳይሆኑ ሃምሳ ሁለቱም ናቸው። ሦስት ቀን ሙሉ «አንድ አራተኛ ወይም ሩብ» ሲሉ አንዳቸውም ምን እንደሚሉ አያውቁም ነበር፤ ይህን ደግሞ እሷም አላወቀችም፣ ጠይቃቸው አታውቅማ።

ከምልከታ ቅጾቹ ሁለት ባዶ ወረቀት ከእንግዶቹ ለመነች። አንዱን ለአቢ፣ አንዱን ለሊሚ ሰጠች። «አቢ፣ ለአራት ሰው እኩል አካፍል። ሊሚ፣ ለስምንት።» ልጆቹ ከወንበራቸው እየተነሱ ዙሪያቸውን ከበቡ፤ አቢ አጣጥፎ ቀደደ፣ ሊሚ አጣጠፈች፣ እንደገና አጣጠፈች፣ እንደገና። ማቲያስ «እኩል አይደለም!» ብሎ ጮኸ፣ ልክ ነበር፤ አስተካከለች። ከዚያ ሊሚ የራሷን ቁራጭ በአንድ እጇ፣ የአቢን በሌላው ይዛ ቆየች። ቅንድቦቿ ተገጣጠሙ። «ቲቸር፣ ሰው ሲበዛ የሚደርሰው ያንሳል?» አለች። ታየች «እስቲ ለክፍሉ አስረጂ» ከማለቷ ደወሉ ተደወለ።

መምህራን ማረፊያው ውስጥ ወንበሮቹ በክብ ተደርድረዋል። ዳቦው ተቆርጦ፣ ለስላሳው ተከፍቶ ተቀምጧል፤ የሚበላ ግን የለም። እንግዶቹ ከዚያም ከዚህም ይንሾካሾካሉ፣ አንዱ እስከ ሃያ ሲቆጥር ጓደኛው ሳቁን ይውጣል። ሮሐ ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለሆነች ከአብዱልሰላም ቀጥሎ ተቀምጣለች፤ እስክሪብቶው በእጇ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ቀኑን ብቻ ጽፋለች። ታየች ከተቀመጠች ጀምሮ ሮሐ አንድ ጊዜ እንኳ አላየቻትም።

አብዱልሰላም ቁጡ ሰው አይደለም። የሚናገረው ቀስ እያለ ነው፣ ያ ደግሞ ይብሳል። «የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች ለብቻ እናያቸዋለን፤ ብዙ የምንማርባቸው ናቸው። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጆቹ ቀድመው ተለማምደዋል። ሰባቱ ደግሞ ከሌላ ቦታ ነው የመጡት። ይህን ያዘጋጀው ማን ነው? ለማወቅ ብቻ አይደለም የምጠይቀው፤ የምጽፈው ነገር ስለሆነ ነው።»

 አቶ ታረቀኝ ኮቱን አስተካከለ። «እንግዲህ... እ... ማለቴ፣ ይህንን ዓይነት ዝግጅት የሚመራው በአስተባባሪዋ በኩል ነው። እኔ እቅዱን ነው ያጸደቅኩት። ዝርዝር ውስጥ አልገባሁም።»

ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ስሞቹን አንድ በአንድ ሲቀበል የነበረው ሰው ነው ይህን የሚለው። ታየች ደሟ ፈላ። ሮሐ አፏን ልትከፍት ስትል ታየች ቀድማት ቆመች። የተቃጠለው ኪሷ ላይ እጇን ጭና ነበር፤ እንዴት እንደምትጀምር አላሰበችበትም።

«ልምምዱን አብረን ነው ያደረግነው፤ እኔም እሺ ብያለሁ። ልጅ ማስወጣቱን ግን ሮሐ የተማረችው ከእኔ ነው» አለች። «አራተኛ ክፍል እኔ ነኝ ያስተማርኳት። የእህቴ ልጅ ናት፣ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ኢንስፔክተር የመጣ ቀን ዘበኛ ቤት አስቀመጥኳት። ሰው ፊት መናገር አትችልም ነበር፤ ታሳፍረኛለች ብዬ ነው። ለእሷ ብዬ እንዳይመስላችሁ። ለራሴ ነው። አንድ ቀን ነበር፤ አንድም ቀን ቢሆን ግን ልጅ አይረሳውም። ስለዚህ የሚጻፍ ነገር ካለ በእኔ ስም ይጻፍ። እኔ ጡረታዬ ቀርቧል፣ ምንም አልሆንም።»

 አብዱልሰላም ቅጹን ጉልበቱ ላይ አገላበጠው። ታየች ትልቅ ሸክም ከጀርባዋ እንደወረደላት ተሰማት፤ እውነት ለመናገር ትንሽ ኮራችም። አሥራ ስምንት ዓመት ያልወጣት ቃል በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ወጥቷል፣ ለዚያውም ልጅቷን ለማዳን።

ሮሐ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጋሽ አብዱልሰላም» አለች።  «ልጆቹን ከሰልፍ ላይ እጃቸውን ይዤ የወሰድኳቸውም እኔ ነኝ። አቶ ታረቀኝ ያውቃል፣ ጠዋት ስሞቹን ነግሬዋለሁ። መምህርት ታየች ግን አልተስማማችም። እንደዚያ ብለው ይጻፉ።»

«የሚያስከትለውን ታውቂዋለሽ?» አላት አብዱልሰላም።

«አውቃለሁ።»

እሱም ጻፈ። አጭር አልነበረም፤ ሲጽፍ የእስክሪብቶው ድምፅ ይሰማ ነበር። አቶ ታረቀኝ የለስላሳ ጠርሙሱን አንስቶ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው። ታየች እንደቆመች ናት፣ መቀመጥ እንዳለባት ረስታዋለች። ልጇን አላዳነቻትም፤ የዝውውሩ ደብዳቤ አሁን ለሌላ ሰው ነው የሚጻፈው፣ ይህንን ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። ሮሐ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። ድካም ነው ያለው፣ የብዙ ዓመት ድካም።

«ደግሞ ያስወጣሽኝ አንድ ቀን አይደለም፣ እቴቴ» አለች። «ሦስት ቀን ነው።»

ታየች በሐሳቧ ወደ ኋላ ሄዳ ፈለገች። የዘበኛውን ቤት አየችው፣ ጋሽ ቱሉን አየችው፣ የኢንስፔክተሩን ጥቁር ቦርሳ አየችው። ያ አንዱ ቀን ነው። ሌሎቹን ፈለገች፤ ወሩን፣ የመጣውን ሰው፣ ሮሐን የላከችበትን ቦታ። ምንም የለም።

«ሁለቱን አላስታውሳቸውም» አለች፤ እውነቷን ነበር።

«እኔ አስታውሳቸዋለሁ» አለች ሮሐ።